ትንንሽ ቃላትና የብዕር ስም

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ውስጥ የፈተና ወረቀት ሳርም በመልክ ብቻ የማውቃቸው አንድ ሰው በሩን አንኳኩተው ገቡ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ መጡ ነገሩኝ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አልናገረውም። በያዙት ፖስታ ውስጥ ከአንድ መጽሔት ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ዘጠኝ ጽሑፎች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ የብዕር ስም የወጡ። ጽሑፎቹን አውቃቸዋለሁ፤ በጊዜው ጋዜጣና መጽሔት ከሚያነብ ሰው መካከል ያላነበባቸው ጥቂት ነው። «ዶክተር፣» አሉኝ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ ካደረጉ በኋላ፣ «እርስዎ ቃላትን በኮምፒውተር እየቆጠሩ እንደሚያጠኑ ሰምተናል። ይህን የሚጽፈው ከእናንተው ከመምህራኑ አንዱ ነው ይባላል። ኮምፒውተሩ ይለየዋል አይደል?» ከዚያም ስድስት ስሞች የተጻፉባት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ከስድስቱ አንዱ የቅርብ ወዳጄ ነበር።

ምን ብዬ እንደ መለስኩላቸው ከመናገሬ በፊት ጥያቄያቸው ከየት እንደ መነጨ ማውጋት ይሻላል። ምክንያቱም ሰውየው ያለ ነገር አልመጡም። ኮምፒውተር ስም የለሽ ጸሐፊን ለይቶ ያውቃል የሚለው ወሬ እውነተኛ ታሪክ አለው፤ ወሬው ከታሪኩ የወሰደው ግን ግማሹን ብቻ ነው።

ቃላት ቆጥሮ ደራሲን የመለየት ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1887 ቶማስ ሜንደንሆል የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር፣ የአንድ ደራሲ ቃላት በፊደላቸው ብዛት እየተለዩ ቢቆጠሩ የሚገኘው መስመር የዚያ ሰው መለያ ይሆናል ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ «የሼክስፒርን ተውኔቶች የጻፈው ፍራንሲስ ቤከን ነው» የሚለውን ያረጀ ክርክር በዚሁ መንገድ ለመዳኘት ሞከረ፤ የቤከን መስመር ከሼክስፒር ጋር እንደማይገጥምም አሳየ። ነገር ግን ቤከን የጻፈው ስድ ንባብ ነው፤ የሼክስፒር ተውኔቶች ደግሞ በአብዛኛው ግጥም ናቸው። እንግዲህ ልዩነቱ የመጣው ከሰውየው ይሁን ከጽሑፉ ዓይነት በምን ይታወቃል? ይህችን ጥያቄ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።

የዘርፉ ታላቅ ታሪክ የተጻፈው ግን በፖለቲካ ሰነድ ላይ ነው፤ ያውም በፌዴራሊዝም ክርክር ላይ። እ.ኤ.አ. በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ለየክፍለ ግዛቱ ቀርቦ መጽደቅን ሲጠብቅ፣ የኒው ዮርክን ሕዝብ ለማሳመን ሦስት ሰዎች በጋዜጦች ላይ ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀመሩ። አሌክሳንደር ሐሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ናቸው። እስከ 1788 ድረስ 85 ጽሑፎች ወጡ። ስማቸውን ግን አልጻፉም፤ ሁሉም የፈረሙት «ፑብሊየስ» ብለው ነው፤ የሮማን ሪፐብሊክ ከመሠረቱት አንዱ በሆነው በፑብሊየስ ቫሌሪየስ ስም። እኛ ስለ ፌዴራሊዝም ስንከራከር እነዚህን ጽሑፎች እንደ ቅዱስ መጽሐፍ መጥቀስ እንወዳለን። የትኛውን ማን እንደ ጻፈው አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለመቶ ስድሳ ዓመት ያህል ሳይስማሙ መኖራቸውን ግን እምብዛም አናነሳውም።

ያልተስማሙበት ምክንያት ራሱ ፖለቲካ ነው። ሐሚልተንና ማዲሰን ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በተቃራኒ ጎራ ቆሙ፤ አንዱ የፌዴራሊስቶች መሪ ሆነ፣ ሌላው ከጄፈርሰን ጋር ተሰለፈ። በወጣትነት በጋራ የብዕር ስም የጻፉት ነገር በኋላ ከያዙት አቋም ጋር የሚጋጭበት ቦታ ስለ ነበረ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት ሁለቱም አልቸኮሉም። እንዲህ ያለውን ነገር በአገራችን ያየ ሰው አይደነቅም። ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1804 ከአሮን በር ጋር ሽጉጥ ተማዝዞ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጽሑፎቹን ባለቤቶች ዝርዝር በአንድ ወዳጁ ቢሮ መጽሐፍ ውስጥ ሸጉጦ እንደ ተወ ይነገራል። ማዲሰን በበኩሉ ከፕሬዚዳንትነቱ ከወረደ በኋላ በ1818 የራሱን ዝርዝር አሳተመ። ሁለቱ ዝርዝሮች አልገጠሙም። 12 ጽሑፎች ሁለት አባት አገኙ። ከእነርሱ አንዱ የመንግሥት ሥልጣን በሥልጣን የሚገታበትን ሥርዓት የሚያብራራው፣ በየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚነበበው ቁጥር 51 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ፍሬድሪክ ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ቋጠሮ በዓረፍተ ነገር ርዝመት ለመፍታት ተነሡ። ሐሚልተን በእርግጥ የጻፋቸውን፣ ማዲሰንም በእርግጥ የጻፋቸውን ወስደው ቆጠሩ። የሐሚልተን ዓረፍተ ነገር በአማካይ 34.55 ቃላት ሆነ። የማዲሰን 34.59። እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ ተመራማሪ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቀዋለሁ፤ ያን ያህል ወር ለፍቶ ሁለት ጠላቶች እንደ መንታ ወንድማማች ይጽፉ እንደ ነበር ማረጋገጥ!

ነገሩ አሥራ ስምንት ዓመት ተኛ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዳግላስ አዴር የተባለ የታሪክ ምሁር ለሞስቴለር በጻፈለት ደብዳቤ አንዲት ትንሽ ነገር ጠቆመው፦ ሐሚልተን «ዋይል» በሚልበት ቦታ ማዲሰን «ዋይልስት» ይላል። ትርጉማቸው አንድ ነው፤ እንደ እኛ «ሳለ» እና «እያለ» ቁጠሩት። ሞስቴለር ከዴቪድ ዋላስ ጋር ሆኖ ሌሎችን ፍለጋ ገባ። በመጀመሪያ ሥራው የእጅ ነበር፤ ቃላቱ በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ አንድ በአንድ እየተተየቡ በመቀስ ይቆረጡና በፊደል ተራ ይደረደሩ ነበር። የሐሚልተን ወደ 94 ሺ፣ የማዲሰን ወደ 114 ሺ ቃላት ተቆጠሩ። «አፖን» የሚለውን ቃል፣ በእኛ «ላይ» ለማለት፣ ሐሚልተን በሺ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይጠቀምበታል፤ ማዲሰን ግን አንድም ጊዜ ላይጠቀምበት ይችላል። እንዲህ ያሉ ቃላትን እየሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ ማስረጃ ሚዛኑን ወደ ማን ምን ያህል እንደሚያጋድል በቤይስ ቀመር አሰሉ፤ የመጨረሻውን ስሌት ኮምፒውተር አገዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ አሥራ ሁለቱም የማዲሰን ሆኑ። አዴር ከሃያ ዓመት በፊት በታሪክ ማስረጃ ብቻ ተመሳሳይ ነገር ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩና ታሪኩ ተገናኙ።

የዚህ ሥራ ውበት በትልልቆቹ ቃላት አለመታለሉ ነው። ስለ ጦር ሠራዊት የሚጽፍ ሰው «ጦር» ማለቱ አይቀርም፤ ስለ ዳኝነት የሚጽፍ «ዳኛ» ይላል። እነዚህ ቃላት ርእሰ ጉዳዩን እንጂ ሰውየውን አይነግሩንም። ማንም ልብ የማይላቸው፣ ጸሐፊውም ሳያስብ ከብዕሩ የሚወርዱት «ግን»፣ «ላይ»፣ «ደግሞ» የመሳሰሉት ናቸው እጁን የሚያሳዩት። ድብቁ ጸሐፊ ሐሳቡን ሊሰውር ይችላል፤ «ይሁን እንጂ» ማለት ልማዱ ከሆነ ግን በብዕር ስምም ይላል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። በ1960ዎቹ በሃርቫርድ የፊሊፕ ስቶን ቡድን ቃላትን በመዝገበ ቃላት እየመደበ የሚቆጥር ፕሮግራም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክል ሌቨር፣ ኬኔት ቤኖይትና ጆን ጋሪ የፖለቲካ ፓርቲዎችን አቋም ከማኒፌስቷቸው ቃላት ድግግሞሽ የሚገምት ዘዴ አሳተሙ። እኔን ወደዚህ ሙያ ይበልጥ የሳበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጌሪ ኪንግ፣ የጄኒፈር ፓንና የማርጋሬት ሮበርትስ ጥናት ነው። ወደ 1,400 ከሚጠጉ የቻይና ድረ ገጾች ጽሑፎችን ሳንሱር ሳያጠፋቸው በፊት ሰብስበው፣ በኋላ የትኞቹ እንደ ጠፉ ተመለከቱ። ሁላችንም የምንጠብቀው መንግሥትን የሚተች ጽሑፍ ይጠፋል ብለን ነው። ያገኙት ሌላ ነው፦ ትችት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የሚጠፋው ሰዎች አደባባይ እንዲሰበሰቡ ሊያደርግ የሚችለው ነው፤ መንግሥትን የሚደግፍም ቢሆን። ይህን አንድ አንባቢ በዓይኑ ሊያየው አይችልም ነበር። ሳንሱር አድራጊውን ራሱን መቁጠር ይቻላል ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ቆጠራን የምጠላ እንዳልመስል ነው።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። «አይቻልም» ብዬ መሸኘት ነበረብኝ። አላልኩም። «ፖስታውን ይተዉልኝ፣ እመለከተዋለሁ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ላደረግሁት ነገር ምክንያቴ ፍርሃት ነበር ብል ይቀልልኝ ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የማወቅ ጉጉት ነው። አዳሜ በየቡናው ቤት የሚገምተውን እኔ አንድ ሌሊት ላይ ላውቀው እችላለሁ የሚል ከንቱ ጉጉት።

የስድስቱንም በስማቸው የወጡ ጽሑፎች ከየጋዜጣው ሰበሰብኩ። ዘዴው እንደሚሠራ ለመፈተን ብዬ የራሴንም ጨመርኩ። ሥራው የአማርኛ በመሆኑ የገጠመኝን ችግር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በመጀመሪያ ነገር የቆዩት ፋይሎች አይከፈቱም፤ የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የዛር ቋንቋ ይመስላል። ስለዚህ ከፊሉን እንደ ገና አስተየብኩት። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላቱን ለብቻቸው አቁሞ ይጽፋቸዋል፤ እኛ ግን ከቃሉ ጋር እናጣብቃቸዋለን። «በቤታችንም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን «በ» አለ፣ «ቤት» አለ፣ «የእኛ» አለ፣ «ም» አለች። የአማርኛ ጸሐፊ እጅ የሚታየው በእነዚህ በተጣበቁት ነው፤ በ«ም»፣ በ«ስ»፣ በ«ማ»፣ በ«ኮ»፣ በ«ና»። በባዶ ቦታ እየለየ የሚቆጥር ፕሮግራም እነዚህን ከነአካቴው አያያቸውም።

ሦስተኛው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። በድምፅ ዛሬ አንድ ናቸው፤ ጸሐፊው ግን ይመርጣል። የድሮ ቄስ ትምህርት ቤት የቀመሰ «ሥራ» እና «ዓለም» ይላል፤ ሌላው «ስራ» እና «አለም»። ይህ ለሐሚልተን «አፖን» እንደ ነበረው ያለ ምልክት ነው፤ እንዲያውም የባሰ። ነገር ግን አማርኛን በኮምፒውተር የሚያጠና ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ተግባሩ እነዚህን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ያለዚያ «ሕዝብ» እና «ህዝብ» ሁለት ቃል ሆነው ይቆጠራሉ። ርእሰ ጉዳይ ለሚያጠና ሰው ይህ ተገቢ ነው። ደራሲ ለሚፈልግ ግን አሻራውን በገዛ እጅ መወልወል ነው። እኔ ስለዚህ ፊደላቱን እንዳሉ ተውኳቸው፤ ብልጥ የሆንኩም መሰለኝ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ። ወዳጄ ነው። ለሁለተኛው ሰው ጥርጥር በማይሰጥ ርቀት።

ለሦስት ቀን ያህል በመምህራን ክበብ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አየዋለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር፤ ስሙ ከነቁጥሩ። በአራተኛው ቀን ስለ ሌላ ነገር ስናወራ የመጽሔቱን አራሚ አማርሮ አነሣብኝ፤ «የእኔን ሀ ሁሉ ሐ እያደረገ፣ የእኔን ‹ነገር ግን› ሁሉ ‹ዳሩ ግን› እያደረገ ጽሑፌን የሽማግሌ ያስመስለዋል» አለኝ። ደነገጥኩ። የወዳጄ ጽሑፎች ከሞላ ጎደል የወጡት ዘጠኙ ጽሑፎች በወጡበት መጽሔት ላይ ነው። የሌሎቹ በየጋዜጣው የተበተነ ነበር። ኮምፒውተሬ ያገኘው የደራሲውን እጅ አይደለም፤ የአራሚውን ነው። የሜንደንሆል ቀዳዳ ማለት ይህ ነው፤ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሳስተምረው ኖሬ በራሴ ሥራ ላይ አላየሁትም።

በዚያው ሌሊት ፊደላቱን ወደ አንድ መልሼ፣ አራሚ ሊነካቸው የሚችሉትን ቃላት አውጥቼ እንደ ገና አስላሁ። ወዳጄ ወደ አራተኛ ወረደ። ቀዳሚ ሆኖ የወጣው እኔ ነበርኩ።

ዘጠኙን ጽሑፎች እኔ አልጻፍኳቸውም። ሞስቴለርና ዋላስ የተሳካላቸው ከማንም የበለጠ ስለ ቆጠሩ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ከሁለት ሰዎች አንዱ መሆኑን ታሪክ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር፤ ሦስተኛ ሰው የለም። ከእያንዳንዳቸውም ስለ ተመሳሳይ ዘመንና ጉዳይ የተጻፈ መቶ ሺ ያህል ቃል ነበራቸው፤ እኔ የወዳጄ አሥራ አንድ ሺ ቃል ነበረኝ። የእነርሱ ጥያቄ «ከሁለቱ የትኛው?» ነው። የእንግዳዬ ጥያቄ «ማን ነው?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለጆሮ ይመሳሰላሉ፤ ማሽኑ የሚመልሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሁለተኛው ብትጠይቁትም የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣችኋል፤ ከሰጣችሁት ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀርባል። ስድስት ስም ብትሰጡት ከስድስቱ፣ ሰባት ብትሰጡት ከሰባቱ። «ማንም አይደለም» ማለትን ካላስተማራችሁት አይችልም።

ይህን የማነሣው ለአንድ መጽሔት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንባብያን በየጊዜው የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ኮምፒውተር ለምን አይዳኘውም? ነገሩ ይታወቃል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጻፈ የተባለውን የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ፣ ከደቀ መዝሙሩ ከወልደ ሕይወት ሐተታ ጋር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የእኛው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በሰፊው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አናይስ ዊዮን ጥርጣሬውን እንደ ገና ቀሰቀሰችው። ጉዳዩ ስለ አንድ ብራና ብቻ አይደለም፤ የአገራችን ፍልስፍና አለ የለም የሚለው ክርክር የተንጠለጠለበት ነው። ለዚህም ነው ሰው ከሰው አፍ ይልቅ ከማሽን ፍርድ የሚጠብቀው።

እንግዲህ ከላይ ያልኩትን ወደዚህ አምጡት። ተጠርጣሪው አንድ ነው፤ በሌላ ወገን ያለው ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ ጽሑፍ ያልተገኘለት ሰው ነው። ሚትቮኽ ለማነጻጸሪያ ካቀረባቸው አንዱ «የካርቴጅ ምሽቶች» የተባለው መጽሐፍ የአማርኛ ትርጉም ነው፤ ሐተታው ደግሞ ግዕዝ ነው። የአንዱ ቋንቋ ትንንሽ ቃላት ለሌላው ቋንቋ ምስክር አይሆኑም። በዚያ ላይ ሁለቱም ሐተታዎች ወደ እኛ የደረሱት በዚያው ሰው እጅ አልፈው ነው፤ ዳ ኡርቢኖ ደራሲ ባይሆንና ገልባጭ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እንደ መጽሔቱ አራሚ፣ የእርሱ እጅ በጽሑፉ ላይ ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተር «ዳ ኡርቢኖ» ቢል እንኳ የትኛውን ዳ ኡርቢኖ ማለቱ እንደ ሆነ አናውቅም። በእኔ እምነት ይህን ክርክር የሚፈታው ቆጠራ ብቻውን ሳይሆን አንድ ያልታወቀ አሮጌ ቅጂ ከየትኛው ገዳም ወይም ከማን ቤት ሳጥን ሲወጣ ነው። ቆጠራው ሊረዳ የሚችለው በሌላው ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብና ወልደ ሕይወት አንድ እጅ ናቸው ወይስ ሁለት? እዚያ ቢያንስ ቋንቋው አንድ ነው። ይህን የሚሠራ ተማሪ ካለ በሬ ክፍት ነው።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለአማርኛ በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው፣ እያንዳንዱ ቃል የሰዋስው ክፍሉ በሰው እጅ የተጻፈለት ስብስብ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ የተዘጋጀው ነው፤ 1,065 የዋልታ ዜናዎች፣ በጠቅላላው 210 ሺ ገደማ ቃላት። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ከእርሱ በኋላም ሌሎች ተጨምረዋል። ነገር ግን የዜና አገልግሎት አማርኛ የአንድ ቤት አማርኛ ነው፤ «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ»። በዚያ የሠለጠነ መሣሪያ በብስጭት የተጻፈን ጽሑፍ ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ ልምዱ ያለን እናውቃለን።

እንግዳዬ በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ኮምፒውተሩ ከዝርዝር ውስጥ መምረጥ እንጂ ከሕዝብ መካከል ማግኘት እንደማይችል በተቻለኝ መጠን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሺ፤ ግን የመረጠው ማንን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔን» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ፖስታውን አንስተው፣ ብጣሿን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ተነሡ፤ በሩ ላይ ቆም ብለውም ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው በዩኒቨርሲቲው እንዳለ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ አውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ውጤት የያዘውን ፋይል በዚያው ምሽት አጠፋሁት። ወዳጄ ስሙ ሦስት ቀን ሙሉ በኮምፒውተሬ ውስጥ እንደ ከረመ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ይህን ካነበበ ዛሬ ያውቃል። ዘጠኙን ጽሑፎች ማን እንደ ጻፋቸው አሁንም አላውቅም። አሥረኛ አልወጣም።